ዶሮ በሁመርና በማንጎ

ከአረብ አገር የተመለስኩ ቀን ልጄ በአንቱ ሰላም አለችኝ።

ከሸዋሮቢት የያዝኩት ባጃጅ ቀወት ካለው መንደራችን ጫፍ አወረደኝ። ታላቅ እህቴ በማሽላው መሐል እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። ከኋላዋ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ስሄድ ጡት ካስጣልኳት ሁለት ወር ቢሆን ነው፤ አሁን ሰባት ዓመት ሞልቷታል። እህቴ ትከሻዋን ገፋ አድርጋ «ሰላም በያት እንጂ» አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችና «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ልጅ እናቱን አንቱ አይልም። አንቱ ለሽማግሌ ነው፣ ለመምህር ነው፣ ለእንግዳ ነው። እህቴ ደንግጣ «እናትሽ እኮ ናት!» ስትላት ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ተያት እታለም፣ ትለምደኛለች» አልኩ። ሻንጣዬን ተጋግዘን ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ልጅቷ በእህቴ በኩል እንጂ በእኔ በኩል አልሄደችም።

አባቷ እሷ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ብሎ ወጥቶ ወሬው ጠፋ። ከወለድኩ በኋላ ለመሄድ ስነሳ እህቴ ናት ያደፋፈረችኝ። ለእሷ አላህ ልጅ አልሰጣትም፤ ባሏ ሽንኩርት የሚያለማ ዝምተኛ ሰው ነው። «እኔ አሳድግልሻለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ያልነው ወደ ስድስት ተጠጋ።

እዚያ የተቀጠርኩበት ቤት ከገባሁ በሦስተኛው ወር ማዳም ወንድ ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል ስትመለስ በጨርቅ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ እሱ ሆነ። የማዳም እናት እግራቸው የማይሄድ አሮጊት ነበሩ። ቋንቋቸውን ሳላውቅ በጣታቸው እያሳዩ ምግብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁሉ የሚወዱት በሮማን ጭማቂ የሚሠራ ዶሮ ነበር፤ ጭማቂው እንደ ሬንጅ እስኪወፍር ይፈላል፣ ከዶሮው ጋር ሲገናኝ ይጣፍጣልም ይጎመዝዛልም። ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ከዚያ ሌላ ሥጋ አልቀምስም አለ። ከእጄ ካልሆነም አይጎርስም። ባጎረስኩት ቁጥር የኔዋ ዛሬ ምን በልታ ይሆን እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀሱን ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ልጁን ወደድኩት።

የመጣሁ ሰሞን ልጄን በስጦታ ልይዛት ሞከርኩ። ሁለት ጫማ ገዝቼላት ነበር፤ ሁለቱም ጠበባት። እግሯን በሐሳቤ ለክቼ የገዛሁት ነው፣ በሐሳቤ ደግሞ ልጅቷ አላደገችም። ጣቶቿን አጥፋ ልታስገባ ስትታገል አየኋትና «ተይው በቃ» አልኳት። «አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብላ ጫማውን አጣምራ በካርቶኑ መለሰችው። የምትተኛው ከእህቴ ጋር ነው። ጠዋት ጸጉሯን የምትሠራት እህቴ ናት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ያለኝ ሙያ ምግብ ነው፣ በሱ ልሞክር አልኩ። ሸዋሮቢት ገበያ ወጣሁ። ሮማን የለም። ግን ከታች ከበረሃው በኩል የሚመጡ ሴቶች ሁመር በማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተው ነበር፤ በረመዳን በስኳር በጥብጠን የምንጠጣው ጎምዛዛ ፍሬ። ጎምዛዛውን ከሁመር፣ ጣፋጩን ከማንጎ አገኛለሁ ብዬ ገዛሁ። ያን ዓመት ማንጎውን ነጭ ተባይ መትቶት ስለነበር ደህና ፍሬ የማግኘቱ ነገር አደከመኝ። አንዲት አትክልት ሻጭ ከጆንያ ሥር ሦስት ጤነኛ አወጣችልኝ።

የእህቴ ባል ከጓሮ አንዲት ዶሮ ይዞ ቢስሚላህ ብሎ አረደልኝ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ዶሮ በማንጎ?»

«ቅመሽና ትፈርጃለሽ።»

«ማንጎ እኮ የሚበላው ከምግብ በኋላ ነው። ስኳርና ሥጋ ምን አገናኛቸው?»

«እዚያ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እታለም።»

«እዚያ» አለችና ሽንኩርት ልትልጥልኝ ተቀመጠች።

ሁመሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌው ነበር። ሲርስ በእጄ አሸሁት፤ ፍሬውንና ቃጫውን ለይቼ በወንፊት አጠለልኩት፤ ጠቆር ያለ ወፍራም ጭማቂ ወጣው። ዶሮዋን በየብልቷ አውጥቼ በሎሚና በጨው አጠብኩ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ቀረፋ ቀብቼ በዘይት ቆዳዋ እስኪቀላ ጠበስኳት። በዚያው ዘይት ቀይ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ማንጎውን ጨፍልቄ ጨመርኩ፤ ሁመሩን ከላዩ አፈሰስኩበት። መጀመሪያ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። እሳቱን ሲቀንሱለት ማንጎው እየቀለጠ የሁመሩን ክፋት ያበርደዋል፤ እየተንተከተከ ይወፍርና ማማሰያው ላይ እንደ ማር ይጣበቃል። ያኔ ሥጋውን መለስኩበት። ስቀምሰው እንደዚያኛው አልሆነም። ግን ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ያ የማዳም ልጅ አሁን በማን እጅ ይጎርስ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ራሴን ተቆጣሁ።

ምሳ ቀረበ። የእህቴ ባል ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ደግ ነው» አለ፤ እሱ ለሁሉም ነገር ደግ ነው ይላል። እኔ ከዶሮዋ እግር ላይ ለስላሳውን ሥጋ ቆርሼ፣ በስጎው አጥቅሼ ለልጄ አጎረስኳት። አፏን ከፈተችልኝ። ካሳደገቻት ሴት የተማረችው ሥርዓት ነው፤ የእንግዳ ጉርሻ እምቢ አይባልም። ፊቷ ተኮማተረ። ቶሎ ቶሎ አላምጣ በውኃ ዋጠችውና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አለች።

«ምኑን በላሽና? አንዴ እኮ ነው የጎረስሽው!»

«ጠገብኩ፣ እትዬ።»

ተነስታ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ ድምፅዋን ሰማሁት፤ ልትታጠብ የወጣችውን እህቴን «እማ፣ እንጀራ በበርበሬ ስጪኝ» ትላታለች።

መነሳት አልነበረብኝም። ተነሳሁ። ጓሮ ሄጄ ልጅቷ ፊት ቆምኩና «እዚያ የማሳድገው ልጅ ይኼን ምግብ እየለመነኝ ነበር የሚበላው» አልኳት። ምን እንድትለኝ እንደፈለግሁ አላውቅም። ምናልባት እንድትቀና ፈልጌ ይሆናል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የማን ልጅ ነው?»

«የሰዎቹ። ሕፃን ሆኖ ነው እጄ የገባው።»

«እሱንም ትተውት ነው የመጡት?» አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። እህቴ የውኃውን ጆግ ጣለችና «ሂጂ ግቢ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ገባች። እኔ የጓሮውን ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ድስት ሙሉ ዶሮ ተረፈ፤ ማታ የእህቴ ባልና ጎረቤቱ በሉት።

ከዚያ በኋላ ከእህቴ ጋር መካረር መጣ። ልጄ እሷን እማ እንድትል ያስለመደቻት እሷው መስላ ታየችኝ። አንድ ቀን ሽንኩርት ሲነቀል እርሻው ላይ «ልጄን ይዤ ከተማ ቤት እከራያለሁ» አልኳት። እጇን ከአፈሩ ሳታወጣ መለሰችልኝ።

«ውሰጃት። ልጅሽ ናት። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ አንቺን በስልክ ብንፈልግ ስልክ የለም። አዝያት ነው የወጣሁት። ዳገቱን እስከ ጣርማ በር በእግሬ። ተኩሱን በሰማች ቁጥር ጀርባዬን ትነክስ ነበር። እዚያ ብርድ ውስጥ ስታለቅስ ‹እናትሽ ትመጣለች› እላታለሁ። እሷ ግን እኔኑ ‹እማ› ብላ አቀፈችኝ። ምን ልበላት? አይደለሁም ልበላት?»

እውነቷን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን እልህ ያዘኝና ልጅቷን ወሰድኳት።

ሸዋሮቢት ከዋናው መንገድ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ቀን ቀን ውስጡ አያስቀምጥም። ልጅቷ አልተቃወመችም፣ አላለቀሰችም። የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ሳህን ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ «እሺ፣ እትዬ» ትላለች። የሰው ቤት እንደገባች ሠራተኛ። ያንን አኳኋን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት እኔ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። ምግብ ግን እየቀነሰች መጣች። ሽሮ ሠራሁ፣ ጥብስ ሠራሁ፣ እህቴ የምትሠራውን ጠይቄ እሱኑ ሠራሁ። ሁለት ጉርሻ ትጎርስና እጇን ትሰበስባለች።

በአሥረኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ መስጊዱ ደጅ ሄድኩ፣ መናኸሪያ ሮጥኩ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ወደ መንደራችን በሚወስደው መንገድ ብቻዋን ስትሄድ እንዳያት ነገረኝና ይዞኝ ሄደ። በዚያ የቀትር ፀሐይ ከአህዮች ኋላ ኋላ ትሄዳለች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ባጃጁ አጠገቧ ሲቆም አልሮጠችም። «ይቅርታ፣ እትዬ። እማን ላያት ብዬ ነው» አለች። ከንፈሯ ደርቋል።

አስገባኋት። ሹፌሩ «ልመልሳችሁ ወደ ከተማ?» ሲለኝ «ወደፊት ንዳው» አልኩት። እህቴ ደጃፍ አስረከብኳት። ልጅቷ እህቴ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከመጣሁ ጀምሮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ ቤት አልገባሁም። ሹፌሩ ስለሚጠብቀኝ ብዬ ተመለስኩ።

ከተማው ውስጥ ቀረሁ። የደሴ መንገደኞች ምሳ የሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ ገባሁ። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴት ናት፤ አንድ ቀን የሁመሩን ዶሮ ሠርቼ አቀመስኳትና «ይኼን ሰሌዳው ላይ እናውጣው» አለች። ሰው ለመደው። አንዳንዱ ይስቃል፣ «ዶሮዋ ጁስ ውስጥ ገብታ ነው ወይ?» ይላል፤ ሲመለስ ግን እሱኑ ያዛል። ከአጣዬ የሚመጣ አንድ ሹፌር ሳይበላው አያልፍም። መንገድ የሚዘጋ ሰሞን ምግብ ቤቱ ጭር ይላል፤ ያኔ የሚያስፈራኝ ሥራ መፍታቱ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ማሰቡ ነው።

ዓርብ ዓርብ ቀወት እሄዳለሁ። ልጅቷ አሁን አትሸሸኝም። ደብተሯን ታሳየኛለች፤ ሒሳብ ትወዳለች። የምወስደው ሙዝና ብስኩት ነው። ዶሮውን ይዤላት ሄጄ አላውቅም። ከእህቴ ጋርም ታርቀናል፤ እንዲያውም ተጣልተን ነበር ማለት ይከብደኛል።

ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር ለተማሪዎች ሁሉ አዲስ ቅጽ መጣና ወላጅ ይቅረብ ተባለ። እህቴ ደውላ «አብረን እንሂድ፣ አንቺ ነሽ መፈረም ያለብሽ» አለችኝ። ሦስታችን ሄድን። መዝጋቢው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው። የአባቷን ስም ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ «እናት ማናት?» አለ።

እህቴ እኔን አየችኝ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች፤ የጆሮዋ ጫፍ ቀልቷል። መምህሩ ያልሰማነው መስሎት ደገመው።

«እሷ ናት» አልኩ፣ ወደ እህቴ እያሳየሁ።

«እርስዎስ?»

«አክስቷ ነኝ።»

ጻፈው። እህቴ ፈረመች። ውጭ ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ምን አደረግሽ? ለአላህ ምን ብዬ ልመልስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያየሽውን ትመልሻለሽ» አልኳት።

ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች። አላመሰገነችኝም፣ አላዘነችም፣ ቢያንስ ፊቷ ላይ አላየሁም። በአንድ እጇ የእህቴን እጅ ያዘች፣ በሌላው ደብተሮቿን። መንገዱ ሲለያየን እጄን ስማኝ ከእህቴ ጋር ሄደች። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር የመጀመሪያዋን ባጃጅ አስቆምኩ። ሞልታ ስለነበር ከሹፌሩ ጎን ጠርዙ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬ ውጭ ቀርቶ ወደ ከተማ ገባሁ።