የአሮጌው ላፕቶፕ ዘመን

የኔአለም ሲደክማት ታፏጫለች። ከልብስ ስፌት መኪናዬ እስከ እሷ ጠረጴዛ ሁለት ክንድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ክፍል ለሁለት ከተከራየን ስምንት ዓመት ሆኖናል፤ ስለዚህ ፉጨቷን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሰው ሻይ የደፋበትን፣ የረገጠውን፣ አይጥ ገመዱን የበላውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣና «ትናንት ደህና ነበር» ይላታል። የሁሉም ዕቃ ትናንት ደህና ነበር! እኔ ብሆን አባርራቸው ነበር። እሷ ግን እያፏጨች ብሎኑን ትፈታለች።

ሰኔ ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መሪጌታ አካለ ወልድ መጡ። መርጡለ ማርያም አካባቢ ቅኔ ያስተምራሉ። ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውት ነበር።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ለመነሣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሞቶብኝ ሳይቀር ድረሽልኝ።»

ውስጡ ያለውንም ነገሩን። ቅኔ አንዴ ከተዘረፈ በኋላ ሰሚው ካልያዘው የለም። እሳቸው የሟች መምህራቸውን ቅኔ፣ አባ ገዳሙ ከሚባሉ የትምህርት ጓደኛቸው አፍ እየተቀበሉ ሲጽፉ ሦስት ዓመት ቆይተዋል። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ደርሰዋል። አባ ገዳሙም በዐቢይ ጾም አረፉ። ከእንግዲህ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

የኔአለም ከፍታ አየችው። «የኔታ፣ ዕድሜው ገፍቷል፤ ያለበት ዊንዶውስ ከብዶታል። ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ልጫንበት። ሲጫን ግን ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ስለዚህ አስቀድሜ ጽሑፍዎን አወጣለሁ።»

«ይኸም አለ» ብለው ከኪሳቸው ፍላሽ አወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉንደ ወይን ላይ ሊያሳትሙት ሲሉ፣ አንድ ጽሕፈት ሱቅ ያለ ሰው አስተካክሎ ያስቀመጠላቸው ነው።

ያን ሳምንት የትምህርት ቤት ላፕቶፖች ተከምረውባት ሰንብተዋል፤ ዓይኗ ደም መስሏል። የፍላሹንም የላፕቶፑንም ወደ አንድ ቦታ ገለበጠች። ሁለቱ ፋይሎች ስማቸው አንድ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ የትኛውን ላስቀምጥ ብሎ ጠየቃት። አዲሱን አለችው። ከዚያ ሊኑክሱን መጫን ጀመረች። መብራት ሄዶ እንደገና ሀ ብላ ጀመረች። ዋይፋዩ አልሠራ ሲላት በስልኳ ገመድ ኢንተርኔት ሰጠችው፣ የአማርኛ ፊደሉን አስተካከለች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያ አሮጌ ዕቃ በአንድ ደቂቃ የሚነሣ ሆነ።

የኔታ ደስ ብሏቸው ጽሑፋቸውን እንድታሳያቸው ጠየቋት። ከፈተችው። ወደ ታች ወረዱ። መቶ አርባ ላይ አለቀ።

«የቀረውስ?» አሉ።

ፉጨቷ ቆመ። ዲስኩን በመፈለጊያ ፕሮግራም ስትበረብር ዋለች፤ የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። የተገኘው የፊደል ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ያኔ ነገሩ ገባት፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

«ጋሼ አንሙት፣ የላፕቶፑ ፋይል ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይል ነበር፣ የፍላሹ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት። አሮጌ መስሎኝ ጣልኩት። የእኛ አቆጣጠር መሆኑ እንዴት ይጠፋኛል? ዛሬ ዓመቱ ስንት ነው ቢሉኝ አሥራ ሰባት አይደል የምል? ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ዘመኔን እረሳለሁ።»

እኔም ሰይጣኔን አላሳፈርኩትም። «ዲስኩ ተበላሽቶ ነው በያቸው። ማን ያውቅብሻል?» አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ። ስሟን ስትገነባ ስምንት ዓመት አይቻለሁ፤ በአንድ ቀን ሲፈርስ ማየት አልፈለግሁም።

ተነሥታ የኔታ ፊት ቆመች። «የኔታ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለችና የዓመቱን ነገር ጭምር ሁሉንም ነገረቻቸው።

የኔታ ዳዊት መድገሙን ተዉት።

«ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የውስጡ ባትሪ ሞቶ፣ በከፈትሁት ቁጥር ቀን ይጠይቀኛል። የጉንደ ወይኑ ሰውዬ የፈረንጁን ይሙሉ ቢለኝ ተቆጣሁት። በመምህሬ ቅኔ ላይ የማን ዘመን ነው የምጽፍ ብዬ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጥፋቱን ሁለቱም ወደ ራሳቸው ሲጎትቱት፣ መካከል ላይ ያፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኔአለም ያችን ትንሽ ባትሪ በአዲስ ቀየረችለት። ላፕቶፑ ሲነሣ ቀን ጠየቀ። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«በፈረንጁ አድርጊው» አሉ። «ደከመኝ።»

ቀጥለውም «በይ ጻፊ» አሏትና ዓይናቸውን ጨፍነው መቶ አርባ አንደኛውን ጀመሩ። እሷ እየተከተለች ትጽፋለች። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እሷም እጇን ከቁልፉ ሳታነሣ ጠበቀች።

«እዚህ ላይ» አሉ፣ «አባ ገዳሙን እጠይቅ ነበር።»