ሰባት ቤት የማትቆጥር ሙሽራ

የተገኘሁት ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በነጠላ ተጠቅልዬ ነው። ያገኘችኝ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ በርበሬና እርድ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጠዋት ለኪዳን ስትመጣ አነሳችኝ፤ ከዚያ በኋላ መልሳ አላስቀመጠችኝም። እናቴ የምለው እሷን ነው። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና አስነሳችኝ። ሰማንያውን የቆጠሩት በግምት ነበር፤ ትክክለኛውን ቀን የሚያውቀው ሰው ሊነግራቸው አልመጣም።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ ማዕረግ አለው፤ «የእግዚአብሔር ልጅ» ይባላል። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ግን አንዲት ጎረቤታችን ልጇን «ከእሷ ጋር አትዋዪ፤ የእግዚአብሔር ልጅ ናት» ስትላት ሰማሁ። እሑድ በቅዳሴ ሁላችንም «አባታችን ሆይ» እንላለን። ከቅጥሩ ስንወጣ ግን አባትነቱ ለእኔ ብቻ ይተውልኛል፤ ሌሎቹ ደህና ደህና አባት ነበራቸው።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ላግባሽ አለኝ። እሺ አልኩት። ቤተሰቡ ግን የዋዛ አልነበረም። ቅድመ አያታቸው ድሮ ከተማዋን ከያዘው ጦር ጋር ሐረር ገብተው የቀሩ ናቸው። የአገባባቸውን ነገር ሲያወሩ የሰማ ሰው ዛሬ ጠዋት ከበቅሎ የወረዱ ይመስለዋል።

ሽማግሌዎቹ በሁለት ባጃጅ መጡ፤ ሦስት ወንዶችና የእጮኛዬ አክስት። ሴት ለሽምግልና አትላክም ይባላል፤ ለእሳቸው ግን ይህን የነገራቸው የለም። እናቴ ወንድምም አጎትም ስለሌላት በእኛ በኩል ሁለት ሰው አስቀመጠች። አንዱ ያጠመቁኝ ቄስ ናቸው። ሌላው ገበያው ውስጥ ከእናቴ መደብር ጎን እህል የሚሸጡ፣ የጀጎል ተወላጅ የሆኑ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው አሾልካለሁ።

«ልጅቷ ጨዋ መሆኗን ሰምተናል» ብለው ጀመሩ አክስቲቱ። «በእኛ ቤት ግን እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ትቁጠርልን።»

ታሪኬን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቁትን መጠየቅ ግን የትልቅ ቤት ወግ ነው።

«አንድም እንደማትቆጥር ያውቃሉ፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«እኮ! ሳናውቅ ዘመድ ብትሆንስ? የኃጢአቱ ዕዳ በማን ነው?»

እናቴ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ዘመድ የምትሆናችሁ ከእናንተ ወንዶች አንዱ የወለደውን ደጀ ሰላም ጥሎ ከሆነ ነው። የምትጠረጥሩት ካለ ንገሩንና ነገሩን እንተወው» አለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሚያነበው ነገር አገኘ። ሁለተኛው ጣሪያውን መመርመር ያዘ።

«የእኛ ቤት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም» አሉ አክስቲቱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ የጀጎሉ ሽማግሌ፤ «እንግዲያው ዘመድ አይደለችም። አለቀ።»

አላለቀም። አክስቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ቢሆንም ማንነቷ አይታወቅም» አሉ።

እስካሁን ያንቀላፉ የመሰሉኝ ቄስ ያን ጊዜ ቀና አሉ።

«እመቤቴ፣ የልጅ ልጅዎን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ውኃው ውስጥ ሳስገባው የቅድመ አያቱን ስም ጠራሁ?»

«ኧረ አልጠሩም፣ አባ።»

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ነው ያልኩት። ይህችንም ልጅ በዚያው ቃል፣ በዚያው ገንዳ አጥምቄአታለሁ። ለትልልቅ ቤተሰብ የተለየ ውኃ ካለ እኛ ደብር አልደረሰም። 'የእግዚአብሔር ልጅ' የምትሏት የማንም አይደለችም ለማለት ነው። እኔ ግን ስናገረው የምሬን ነው። እርስዎም የልጅ ልጅዎም ከዚህ የሚበልጥ ስም የላችሁም።»

በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በርበሬው ነው ብዬ እንዳላመካኝ ጆንያው አፉ የተሰፋ ነበር። ያን ስም ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ነውር ተሸክሜው ኖሬአለሁ። በየሳምንቱ እያስቀደስኩ ለእኔም የምር የተነገረ መሆኑን አላመንኩም ነበር። በዚህስ ከአክስቲቱ በምን ተሻልኩ?

አክስቲቱ «እስቲ ራሷ ትምጣ» አሉ። ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ከማን እንደተወለድኩ አላውቅም፣ እትዬ። የማን እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ።

አክስቲቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምላስ ግን አላት» ብለው ወደ ቄሱ ዞሩና የሠርጉ ቀን ከጾም በፊት ይሁን ከጾም በኋላ ብለው ጠየቁ።

ከጾም በኋላ ሆነ። አክስቲቱ ከፊት ተቀምጠው እኔን የመረጡኝ እሳቸው መሆናቸውን ለእንግዳው ሁሉ አስረዱ። ሴት ልጄን ስወልድም ማንም ሳይጠይቃቸው የክርስትና እናት ሆኑ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። አክስቲቱ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሡም፤ ሾርባ እያጠጡ፣ ነርሶቹን እየተቆጡ ዋሉ። ከነርሶቹ አንዷ ሲሰለቻት «እማማ፣ ለታማሚዋ ምኗ ነዎት?» አለቻቸው።

«እህቴ ናት» አሉ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ አልመሰላቸውም።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና መልሳ ጨፈነች። ድካም ይሁን ትዝብት እስካሁን አልነገረችኝም።