የክርስትና አባት ልሆን ወደ ሀዋታ

አርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ከሎሪ ማቆሚያው ስንደርስ ሰማዩ ገና አልገለጠም። አባ ተክሌ መስቀላቸውንና ሜሮኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል፤ እኔ ነጭ ነጠላና የማተብ ክር ይዣለሁ። ነገ የፈንቴና የየሺ ልጅ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሳል፣ የክርስትና አባቱም እኔ ነኝ። ፈንቴ ጎንደር ሳለን ጎረቤቴ ነበር፤ ዛሬ ከሀዋታ ወዲያ ማሽላ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። ልጁን ገዳሪፍ እንዳያመጡ ወረቀት የላቸውም፤ ኬላ ላይ ከተያዙ ወዴት እንደሚወሰዱ አይታወቅም። ስለዚህ ካህኑ ወደ ሕፃኑ ይሄዳሉ። ሹመት የተሰጠኝ ያህል ኮርቻለሁ፤ ሸሚዜን ሳይቀር አስተኩሻለሁ።

ሾፌሩ ሐጂ ሰይድ የመተማ ነጋዴ ነበሩ፤ ደርግ ሱቃቸውን ሲወርስባቸው ነው የተሻገሩት።

«አባ ከፊት ይግቡ። አንተ ባለ ሸሚዙ ላይ ውጣ፣ ከጆንያው ጋር!»

ሒሳብ ላወጣ ስል እጄን መለሱት። «ለክርስትና የሚሄድ ሰው እኔ ሎሪ ላይ ሊከፍል? ሐራም ነው! ያላ፣ ውጣ።»

ረፋድ፤ መንገድ ላይ

መንገድ ማለት እዚህ ጥቁር አፈር ላይ የቀረ የጎማ ዱካ ነው። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሎሪው ይዘላል፣ እኛም አብረን እንዘላለን። ግራ ቀኙ ዓይን እስከሚደርስበት ማሽላ፣ የቆመ የሰሊጥ ነዶ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው አጫጆች። አንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ቆምን። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ ቀረበ፣ ሽንኩርቱ ከላይ ተከትፎበታል። ሐጂ ሊጎርሱ እጃቸውን ዘርግተው አባን አዩና መለሱት።

«ጾም ናችሁ ለካ። ስንት ሰዓት ትፈታላችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አሉ አባ።

«እንግዲያ እያያችሁኝ አልበላም» ብለው ሁሉንም አስቋጠሩልን። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ስለሰጠን እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ሆዴ ግን እንደማጉረምረም አለ።

ቀትር፤ ሀዋታ

ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ አቀኑ። ፈንቴ የአህያ ጋሪ ይዞ ሲጠብቀን ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። ዘውዱ የሚባል ሰው እርሻው ላይ አብሮን ይሠራል። የየሺን ወንድም ከቤት የወሰደው እሱ ነው፤ የቀበሌ ጥበቃ ሳለ።»

የየሺ ወንድም ከዚያ ወዲህ እንዳልተመለሰ አውቃለሁ። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም።

«እሱን ደግሞ ምን አመጣው እዚህ?»

«በኋላ እሱንም ሊያስሩት ፈለጉት፤ ሸሽቶ መጣ። አሁን ለክርስትናው ልምጣ ይላል። የሺ ደግሞ እሱ ከመጣ ልጄን ታቅፌ እወጣለሁ ብላለች። በሞቴ፣ እርስዎ ይንገሩትና ይቅር።»

የክርስትና አባትነቴ ሰው በማባረር ይጀምራል ብዬ አልጠበቅሁም። እሺ አልሁት።

ማምሻውን፤ እርሻው

ዘውዱ ያለው ከሠራተኞቹ ጎጆ ራቅ ብሎ ነው። አባ ተክሌ ከእሱ ዘንድ ሲመለሱ ተላለፍን። ዘውዱ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ተነሥቶ ቆመ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። «ነገ ማልጄ ወደ ማሳው እሄዳለሁ። የጥምቀቱን ውሃ ብቻ ከራሃድ ወንዝ አምጥቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። ማን እንዳመጣው ግን ለየሺ አይንገሯት።»

ስንት ኃይለ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ደህና እደር ብዬው ተመለስሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ከማሽላ አገዳ በተሠራው ዳስ ተሰበሰብን። ሕፃኑ ሰሞኑን ታሞ ስለነበር በጣም ቀጥኗል፤ የሺ ከደረቷ አልለየችውም። አፉ ድረስ የሞላውን በርሜል አየችና ጠየቀች።

«ይህን ሁሉ ውሃ ማን አመጣው?»

ፈንቴ አቀረቀረ፤ እኔም አቀረቀርሁ።

«ዘውዱ ነው» አሉ አባ።

ልጇን አጥብቃ ያዘች። በቃ ልትወጣ ነው፣ ያ ሁሉ መንገድ ከንቱ ቀረ ብዬ ፈራሁ። ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«አባ» አለች፣ «አባታችን ሆይ ስል ይቅርታው ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ልጅ ጸሎት የማስተምረው እኔ ነኝ። ለሱም ልዝለልለት?»

አባ ውሃውን ባርከው «የክርስትና አባቱ ይቅረብ» አሉ። ኮሌታዬን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለች የሺ። «ዘውዱን ይጥሩልኝ፤ ልጄን እሱ ክርስትና ያንሣልኝ።»

በአገራችን የክርስትና አባትና የልጁ ወላጆች አበልጅ ይባባላሉ፤ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በዚህ ይታረቃሉ። ይህን እያወቅሁም፣ ሹመቴን ማጣቴ አሳዝኖኝ ነው መሰል፣ አባን «ይሆናል ወይ?» በሚል ዓይን አየኋቸው።

«ትናንት ንስሐ ገብቷል። ይሆናል» አሉ።

እንዲቀር ልነግረው የተላክሁበትን ሰው ልጠራ ማሳውን እያቆራረጥሁ ሮጥሁ። ነጠላዬን አለበስሁት። በሕፃኑ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን እክዳለሁ ሲል ከመሐል አቋረጠ፤ አባ ደግመው አስባሉት። ሕፃኑ ከውሃው ሲወጣ እርሻውን ሁሉ በጩኸት ሞላው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም እንባዬ መጣ። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ክርስቶስን መከተል በአንዲት እናት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ከብዶም እንደሚቻል አየሁ። ስላየሁ ተመስገን እላለሁ።

ማዕድ ሲቀርብ ዘውዱ ወደ ዳሱ ጥግ ፈቀቅ ብሎ ሊወጣ ነበር። የሺ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ እሱ ሄደች።

«አበልጄ፣ ልጁን ያዝልኝ፤ ወጡ ሊያርብኝ ነው» አለችና ክንዱ ላይ አስተኛችው። ከዚያ አንዴም ዞር ብላ ሳታይ ወደ ምድጃው ሄደች።