«ዕድገት የለም» ብዬ የጻፍሁበት ሽንት

በሆስፒታል ላቦራቶሪ የባክቴሪያ ምርመራ ስሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሽንቱን በቀጭን ሽቦ ጫፍ ነክቼ ጀርም የሚመገበው ነገር በተነጠፈበት ሳህን ላይ እዘራለሁ፤ ሙቀት ሣጥን ውስጥ አሳድራለሁ፤ በማግሥቱ የበቀለውን አያለሁ። የበቀለ ከሌለ «ዕድገት የለም» ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ። የጤነኛ ሰው ፊኛ ንጹሕ ነው፣ ነፍስ ያለው ነገር አይኖርበትም ተብዬ ተምሬያለሁ። እኔም ለልምምድ ለሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ስነግር ኖርሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጠፋ ውጤት ፍለጋ መዝገቡን ወደ ኋላ ስገልጥ የአባቴን ስም ከነአያቴ አገኘሁት። ዕድሜውም ሰፈሩም የእሳቸው ነው። ገጹን ባገላብጥ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመዝግበዋል። ሦስቱም ላይ «ደም ያለው ሽንት» ይላል፤ ሦስቱም ላይ «ዕድገት የለም» ይላል። የሁለቱ ፊርማ የኔ ነው። ሳህኑን የምናነበው በቁጥር ስለሆነ የማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው ከመካነ ብርሃን ለትምህርት ወጥተው ጎንደር ቀሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ነን። ያን ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ፊታቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምኑን?»

«ደሙን።»

ጋቢያቸውን ሰበሰብ አደረጉ። «ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ ምን እንደደረሰበት ታውቂያለሽ።»

«ሴምና ያፌትም ልጆቹ ነበሩ። እኔ የመጣሁት ልሸፍንዎት ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ደሙ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ሆኖ ሁለት ቀን ይመጣና ይጠፋል። ሕመም የለውም። በመጣ ቁጥር አንድ ክሊኒክ ይሄዳሉ፤ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተብለው እንክብል ይሰጣቸዋል። ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ሽንታቸውን ወደኛ ላቦራቶሪ ልኳል። ደሙ በራሱ ጊዜ ሲቆም እንክብሉ ያዳናቸው ይመስላቸዋል። አምስት ዙር ጨርሰዋል።

በነጋታው እጃቸውን ይዤ አልትራሳውንድ ክፍል አስገባኋቸው። የፊኛቸው ግድግዳ ላይ የበቀለ ነገር ታየ። የፊኛ ሐኪሙ በሽንት ቧንቧቸው ካሜራ አስገብቶ የአበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ አገኘ፤ በዚያው መንገድ ፋቆ አወጣው። ምርመራው ካንሰር ሆነ፤ ግን ሥር አልሰደደም፤ ጡንቻው ጋ አልደረሰም። ወረቀቱን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አለቀስሁ። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ከእንግዲህ ማልቀስ ይበቃኛል አልሁ።

ሐኪሙ አባቴን አስቀምጦ አስረዳቸው። «የኔታ፣ እንዳይመለስ ፊኛዎ ውስጥ በየሳምንቱ፣ ለስድስት ሳምንት የምንጨምረው መድኃኒት አለ። ሕያው ጀርም ነው። ለሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት።»

«ነቀርሳን በነቀርሳ?»

«የተገራ ነው፤ የሰውነትዎን ዘበኞች ይቀሰቅስልናል።»

«እንደ በሬ የተገራ?»

«እንደ በሬ።»

«ሸጋ! እንግዲያ ይረስ።»

ሲወጡ ሐኪሙ እኔን አስቀረኝ። «ያለ በቂ ምክንያት ጀርም የሚገድል እንክብል እንዳይነኩ። ፊኛ ውስጥ የራሳቸው ኑሮ ያላቸው ጀርሞች አሉ። ከካንሰሩም ከመድኃኒቱም ጋር ምን እንደሚሠሩ አጥኚዎች ገና እየፈለጉ ነው።»

«ፊኛ ንጹሕ አይደለም እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

ማን እንዳለኝማ አውቃለሁ። ለስንት ሰው ስጽፈው የኖርሁት እኔው ነኝ።

መድኃኒቱ ቶሎ አልተገኘም። አዲስ አበባ ያሉ የሥራ ጓደኞቼን ሁሉ በስልክ አስጨንቄ በአምስተኛው ሳምንት በበረዶ ታሽጎ ደረሰ። መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ፊኛው በቱቦ ይራገፋል። ከተራገፈው ሽንት ጥቂት እንድወስድ አባቴንም የክፍሉን ኃላፊም አስፈቀድሁ። በዚህ ጊዜ በአንድ ቀን አልፈረድሁም። ሳህኖቹን ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከተለኮሰ ሻማ ጋር ዘጋሁባቸው። ሻማው አየሩን በልቶ ሲጠፋ ብዙ አየር የማይወዱት ይመቻቸዋል። ለማመሳከሪያ ሽንት ያልነካው ሳህንም አብሬ አስገባሁ።

እስከ ሦስተኛው ቀን ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው የጤፍ ፍሬ የማያክሉ ነጠብጣቦች አየሁ፤ ገሚሱ ነጭ፣ ገሚሱ ግራጫ። ሽንት ያልነካው ሳህን ባዶ ነበር። እየሮጥሁ ሐኪሙ ዘንድ ሄድሁ።

«በሽታውን ያመጡት እነዚህ ናቸው?»

«እንዲያ አትበዪ። ጠላት ይሁኑ ጠባቂ በአንድ ሳህን አይታወቅም። ከቱቦው የመጡም ሊሆኑ ይችላሉ። አሉ ግን፤ ያን አይተሻል።»

ማታ በራት ላይ ለአባቴ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «አንቺ ግን የለም ብለሽ ፈርመሽ ነበር።»

«ዓይኔ አላያቸውም ነበር፣ አባባ።»

«እንግዲያ ‹አላየሁም› ማለት ነበረብሽ። ‹የለም› ሌላ ቃል ነው።»

ቃሉ አጥንቴ ድረስ ገባ። በማግሥቱ የውጤቱ ቅጽ ይስተካከልልኝ ብዬ ለኃላፊዬ አመለከትሁ። «ቅጹ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ተመለስሁ። በሌላው ሳምንትም ተመለስሁ።

የአባቴ ቀጠሮ በየረቡዑ ነበር። ከመድኃኒቱ በፊት ብዙ መጠጣት ስለማይፈቀድ ሐኪምና ጾም ለአንድ ጊዜ ተስማሙ። መድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ሳይፈስ መቆየት አለበት፤ በየሩብ ሰዓቱም መገላበጥ ያስፈልጋል። አባቴ በሰዓት አልተገላበጡም። ከዳዊት መዝሙር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በጀርባቸው አንድ ንጉሥ፣ በቀኝ ጎናቸው አንድ ንጉሥ፣ በሆዳቸው አንድ ንጉሥ፣ በግራቸው አንድ ንጉሥ ይደግማሉ፤ ከዚያ እንደገና። ሰዓት ስይዝላቸው ብዙም አይዛነፉም ነበር።

ቤት ስንመለስ ሌላ ጣጣ አለ። ጀርሙ ሕያው ስለሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት በሸኑ ቁጥር በረኪና ይደፋበታል። መጸዳጃ ቤታችን ደግሞ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። እኔ ልነግራቸው ስል አባቴ ከለከሉኝ። በከዘራቸው ተደግፈው በየደጁ ቆሙ። «የፊኛ በሽታ ይዞኝ እታከማለሁ። በረኪና ሲሸታችሁ እኔ ነኝ።» ያንን ደም ስምንት ወር የደበቁት እኚሁ ሰው ናቸው።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ትኩሳት ጀመራቸው። ጎረቤታችን ደንግጣ ከልጇ የተረፈ ጀርም ገዳይ እንክብል ይዛ መጣች። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይሆንም፣ አባባ።»

«ልሞት ነው እኮ!»

«አይሞቱም። ሐኪሙን እጠይቃለሁ።»

ሐኪሙ ደወልሁለት። ትኩሳቱን ለካሁ፤ መጠነኛ ነበር። እየለካሽ ጠብቂ፣ ከጨመረ ወይም ነገ ካልለቀቃቸው ይዘሻቸው ነይ አለኝ። በየሰዓቱ ለካሁ፤ ውኃ አጠጣሁ፤ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ አኖርሁ። እንክብሉን ግን አልሰጠሁም። ወደ ማምሻው ላብ አላባቸው፤ ትኩሳቱም ወረደ። ስድስቱንም ዙር ጨረሱ።

ቅጹ አልተለወጠም። ኃላፊዬ ግን በመጨረሻ ሰለቸውና ትንሽ ማኅተም እንዳስቀርጽ ፈቀደልኝ። ዛሬ ደም ያለው ሽንት ባዶ ሳህን ሲያሳየኝ ይህን አትምበታለሁ፦ «በአንድ ቀን፣ በተለመደው ዘዴ ዕድገት አልታየም። የደሙ ምክንያት ይፈለግ።» አንዳንድ ሐኪም ይቆጣል፤ አንዳንዱ በሽተኛውን ወደ አልትራሳውንድ ይልካል። እኔ ማተሜን አልተውሁም።

በሦስተኛው ወር ካሜራው ሲገባ አዲስ የበቀለ ነገር አልነበረም። ገና ብዙ ጊዜ ይታያሉ፤ መድኃኒቱም በየጊዜው ይደገማል። አባቴ ግን ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ወንዶች «ውኃ ሽንቱ ላይ ደም ያየ ዝም አይበል» ይላሉ።

ባለፈው ወር አባቴ አንድ ከጃናሞራ የመጡ ሽማግሌ ዘመዳችንን ላቦራቶሪው በር ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ፣ አያ» አልሁ።

«እንዴት አድርጎ ለሴት ልጅ ይነገራል?» አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

«እኔ ነግሬያታለሁ። ንገራት።»

ነገሩኝ። ካርድ አውጥቼ ራሴ አልትራሳውንድ ክፍል ወሰድኋቸው። የፊኛ ጠጠር ሆነ።

«ለጠጠር ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣኸኝ?» ብለው አባቴን ተቆጡ።

«ጠጠር መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉ አባቴ፤ ክንዳቸውንም ይዘው ወደ ሐኪሙ ክፍል መሯቸው።