ግድግዳ አልባሿ

«ነፋሱ ቢበረታ፣ አንተ ጋ እጠጋለሁ…» ትልና ቀጣዩ ስንኝ ይጠፋባታል። «እም… እም…» እያለች በዜማው ብቻ ትሞላዋለች። እንዲህ እያንጎራጎረች ነው ሁልጊዜ መወጣጫውን የምትወጣው።

ሥራዋ ፎቅ ማልበስ ነው። በብረቱ አጥንት ላይ ሰሌዳ ትመታለች፤ በሰሌዳው ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ትዘረጋለች፤ በሸራው ላይ ብርድ የሚከላከል ፎም ትለጥፋለች። ከዚያ አልሙኒየሙ መጥቶ ሁሉንም ይሸፍነዋል። የእጇን ሥራ ዳግም የሚያይ የለም፤ እሷ ግን በማታውቃቸው ቢሮዎች ውስጥ የማታውቃቸው ሰዎች ሳይበርዳቸው ሲሠሩ ይታያታል። ይህ ይበቃታል። ዓይኗ ስለማይስት ባልደረቦቿ «ውሃ ልክ» ይሏታል።

ያን ቀን፣ ልክ የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ዓይኗ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አረፈ። ታናሽ ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን፣ ሁለት ቀን ሙሉ የለፋበት ነው። ሸራውን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ስለዘረጋው፣ የታችኛው ሸራ ጫፍ በላይኛው ላይ ተደርቧል። የሚወርድ ዝናብ በየመጋጠሚያው ወደ ሰሌዳው ይገባል፤ ሰሌዳውም ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ፎሙ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊለጠፍ ነው።

ይነሳ ስትል፣ የሥራው ኃላፊ ፎርማኑ መጋጠሚያው ላይ የተለጠፈው ቴፕ ይይዘዋል፣ ከተሸፈነ ማን ያየዋል አለ። ወንድሟ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ በናትሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ልቧ ስፍስፍ አለ። ይህን ልጅ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ወንድምዓለም፣ ቴፕ ይደክመዋል፤ ውሃ አይደክመውም» አለችው።

አቧራ ይዞ ጫፉ ከተነሳ አንድ ቴፕ በላይ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ጥቂት ወረደና ከመጋጠሚያው ሥር ጠፋ። ሸራውን ገለጥ ስታደርገው ሰሌዳው ረጥቧል። ፎርማኑ ጢሙን አሻሸ። ውሃ ልክ ዛሬ ከውሃው ጋር ተመሳጥራብናለች ብሎ ቀለደና ፎም ለጣፊዎቹን ወደ ሌላው ግድግዳ ላካቸው።

ሁለቱ ሸራውን ገፈፉ። የረጠበውን ሰሌዳ በደረቅ ቀየሩ፤ ከዚያ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ እያንዳንዱን ሸራ ከበታቹ ባለው ላይ ደረቡት። ወንድሟ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን መዳፏን ገፋ አድርጎ መጋጠሚያውን ራሱ ዳበሰ፤ የመጨረሻውንም እንዳትነካበት ለመናት።

ጨርሶ ዞር አለ። «ነይ እዪው፣ እትዬ።»

አየችው። አንድም የሚታረም ነገር አላገኘችበትም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር፤ ከጎኑ ባለው ጣውላ ላይ ተቀመጠችና የቀዘቀዘ ዳቦዋን ለሁለት ቆረሰች።