ዶሮ ቤት የገባው አምፕሊፋየር

ታላቅ ወንድሜ የአባባን አምፕሊፋየር ዶሮ ቤት ያስገባበትን ቀን አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም። ከመሃል ከተማ አዲስ ሆም ቲያትር ገዝቶ በባጃጅ ቱላ እኛ ቤት ድረስ አመጣው። ሰባት ስፒከር፣ ለእያንዳንዱ መቶ ዋት፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ሰባት መቶ ተብሎ ተጽፏል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የእሳቸው አምፕሊፋየር ሁለት ስፒከር ብቻ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ አርባ ዋት ነው የሚሰጠው፤ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። ወንድሜ እየሳቀ ከመኖው ጆንያ አጠገብ አስቀመጠው። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ ግን በገንኩ።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የካርቶን ላይ ቁጥር ሁሉ እንደማይታመን ልነግረው ስጀምር፣ ሚስቱ ፊት፣ "አንቺ ጠመኔሽን ያዢ" አለኝ። ቂሜን የቋጠርኩት ያኔ ነው።

የታናሽ እህታችን መልስ ሁለት ቀን ሲቀረው የአዲሱን ዕቃ ማኑዋል ከካርቶኑ አውጥቼ አነበብኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መቶ ዋቱ የተለካው አንዱ ስፒከር ብቻውን ሲሠራ መሆኑ ሰፍሯል። ሰባቱ አብረው ሲጮሁ ማሽኑ ውስጥ ያለችውን አንዲት ትራንስፎርመር ይሻማሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአባባ አርባ ላይበልጥ ይችላል። የአባባ አርባ ደግሞ ሁለቱም አብረው እየሠሩ የተለካ ነው። ወንድሜ ሰባቱንም ግቢው ውስጥ ሰቅሎ ድምፁን እስከ ጥግ እንደሚከፍተው አውቃለሁ፤ ማሽኑ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ልነግረው እችል ነበር። ማኑዋሉን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

በመልሱ ቀን ሚስቱ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አዲሱን ማሽን አለበሰችው፤ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተሸፈነ። እኔም ጠጋ ብዬ የተጣመመውን ጫፍ አስተካከልኩላት።

ሙሽሮቹ በሩን አልፈው ሲገቡ መዝሙሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ወንድሜ እንደገና ከፈተው፣ እንደገና ጠፋ። እንግዳው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እህቴ የቀሚሷን ጫፍ እንደያዘች መሃል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች፤ ያሳዘነችኝ እሷ ብቻ ናት።

"ዶሮ ቤት ያለውን አምጣው" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ከሙሽራው ሚዜ ጋር ተሸክመው አመጡት። አባባ አቧራውን በመሀረባቸው ጠርገው ሁለት ስፒከር አገናኙ። መዝሙሩ ድንኳኑን ሞላው፤ እህቴም ገባች።

ምሳ ሲቀርብ አባባ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ማኑዋሉን አንብበሽው ነበር፣ አይደል?" አሉኝ።

ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "አዎ፣ አባባ።"

"እኔም ዕቃው የመጣ ቀን አንብቤዋለሁ" አሉና፣ የወንድሜ ኮት ላይ የተጣበቀውን የዶሮ ላባ እያዩ መብላታቸውን ቀጠሉ።