መንገድ ተዘግቶ ነው

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይላሉ። እኔ ያን ሳምንት ጸሎቱን ትቼ ቂሜን ብቻ ያዝኩ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ጊዜ ነው። ቡራዩ እየኖርኩ አዲስ አበባ፣ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስመለስ አለቃዬ በሰው ፊት ጮኸብኝ።

"መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ! ሰበብ ሰልችቶኛል። ሥራው የተበላሸው አንቺ ስትቀሪ ነው!"

በደንበኞቻችን ስም የምንልከው መልእክት ሁሉ፣ ላኪውን የሚያረጋግጠው "ዲጂታል ፊርማው ልክ አይደለም" እየተባለ ከአስተላላፊው ድርጅት ይመለስ ነበር። የፊርማውን ኮድ የጻፈው ግን ራሱ አለቃዬ ነው! ነገሩ እስኪጣራ እቤትሽ ቁጪ ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላጣሁትም፤ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነው።

እቤቴ ሆኜ ኮዱን ከፈትኩት። አስተላላፊው ድርጅት መፈረሚያውን ምስጢራዊ ቁልፍ የሰጠን በሄክሳዴሲማል ነው፤ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደሎች፣ ሁለት ሁለቱ አንድ ባይት የሚወክሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ባይት ይፈታል፣ ከዚያ ይፈረምበታል። እሱ ፊደሎቹን እንዳሉ ቁልፍ አድርጓቸዋል። የቤት አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ለመተኛት እንደ መሞከር ነው። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ፊርማው ከቁልፉ ጋር የተላከልን መመሪያ ላይ ካለው ምሳሌ ጋር ልክ አንድ ሆነ። ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ደወለ። "እስቲ ኮዱን አንቺም እዪው" አለ፣ ድምፁ ለስልሶ።

"አግኝቼዋለሁ። በስልክ ግን አይሆንም፣ ና።"

ውሸቴን ነው። በስልክ በደንብ ይሆናል።

"መንገዱ እኮ..."

"ሰበብ ሰልችቶኛል" አልኩት።

መጣ። ታክሲው ከድንጋዩ ወዲያ አውርዶት ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጎረቤታችን ሽማግሌ ይዘውት ደርሰው፣ በኦሮምኛ "አካም ጂርታ" ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ "እንግዳሽ ነው?" ብለው አስረክበውኝ ሄዱ።

መስመሯን አሳየሁት። "ይቺ ብቻ?" አለ። "ይቺ ብቻ። አሁን ለድርጅቱ ባለቤት ደውልና ስህተቱ የማን እንደሆነ ንገረው።" ላቡን ጠረገ፣ ደወለ፣ ተናገረ። ሰኞ እንድመለስ ተባለ። አላዘንኩለትም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሊወጣ በሩን ሲከፍት ከታች ጩኸት ተሰማ፤ ጎማ እየተቃጠለ ነው። ቆሞ አየና ለድርጅቱ ባለቤት መልሶ ደወለ።

"ዛሬ ቢሮ አልመለስም" አለ፣ እኔን ላለማየት ፊቱን አዙሮ። "መንገድ ተዘግቶ ነው።"

"ጮክ በል" አልኩት፤ "አልተሰማም።"